ብርቱካን ውስጥ ያለው ሮዝ ትል የየትኛው የእሳት እራት ነው? የኮድሊንግ ሞዝ ወይስ የኤፍሲኤም (ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ)?

የመርቲ ብርቱካን

ሰላም ለሁላችሁ። መርቲ አካባቢ ሁለት ሄክታር የማትሞላ የብርቱካን ማሳ አለችን፤ ከአባቴ ጋር ነው የምንሠራው። ከጥቅምት ወዲህ ፍሬው ጊዜው ሳይደርስ ቢጫ እየሆነ ይወድቃል። የወደቀውን ስሰነጥቀው ሮዝ መልክ ያለው ትል አገኛለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሬ አንድ ብቻ። ልጣጩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋን ወደ ቡናማ ያደላ ቢጫ ክብ ይዟታል፣ አንዳንዴም ደቃቅ የእንጨት ብናኝ የመሰለ ነገር ይወጣባታል።

ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ "ኮድሊንግ ሞዝ" የሚል መልስ ነው የሚመጣልኝ። የግብርና ግብዓት የምንገዛበት ሱቅም በዚሁ ስም የፌሮሞን ማባበያ (ወንዱን የእሳት እራት በእንስቷ ሽታ የሚጠራ) ሸጦልን ወጥመዱን ሰቅለናል። አንድም የእሳት እራት አልያዘም፣ ፍሬው ግን መውደቁን ቀጥሏል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፤ ይሄ ትል እውነት ኮድሊንግ ሞዝ ነው? ካልሆነ በምን እለየዋለሁ? ብለየውስ ምን ይጠቅመኛል?

ባላገሩ

ወንድሜ፣ ትሉ ምንም ይባል ምን ብርቱካንህን እየበላ ነው። ጠንከር ያለ ፀረ ተባይ ግዛና በየሳምንቱ እርጭ። ስም ስትፈልግ ምርቱ ያልቅብሃል።

ሰብል ጥበቃ

ባላገሩ፣ ሐሳብህ ከቅንነት እንደመጣ አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እጽፋለሁ። መጀመሪያ የመርቲውን ወንድማችንን ልመልስ።

ከሁሉ በፊት የፍሬ ዝንብ ትል አለመሆኑን አረጋግጥ። የዝንብ ትል እግር የለውም፣ ጭንቅላቱም ተለይቶ አይታይም፤ በአንዱ በኩል ሹል፣ በሌላው ደልደል ያለ ነጭ ነገር ነው፤ አንድ ፍሬ ውስጥም ብዙ ሆኖ ይገኛል። የእሳት እራት እጭ (ገና ክንፍ ያላወጣው ትል) ግን ቡናማ፣ ጠንካራ ጭንቅላት አለው፤ ከደረቱ ሥር ሦስት ጥንድ እግሮች ይታያሉ። አንተ የገለጽከው ሮዝ፣ ብቸኛና ባለ አንዲት ቀዳዳ ስለሆነ ከእሳት እራት ወገን ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሁለቱ። ኮድሊንግ ሞዝ ሳይንሳዊ ስሙ ሲድያ ፖሞኔላ ነው። አገሩ የፖም አገር፣ ማለትም አውሮፓና እስያ ሲሆን ከፖም ጋር ዓለምን ዞሯል። ዋና ምግቡ ፖም፣ ፒር፣ ኩዊንስና ዋልነት ነው። ሁለተኛው ኤፍሲኤም የምንለው፣ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ፣ ታውማቶቲቢያ ሉኮትሬታ ነው። ይሄኛው የእኛው የአፍሪካ ነው፤ ከሰሐራ በታች ያለው አገር ሁሉ ቤቱ ነው፣ ኢትዮጵያም ጭምር። ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ኮክ፣ ዘይቱና፣ ሮማን፣ ማከዴምያ፣ ቃሪያ፣ ጥጥ፣ በቆሎ፣ ጉሎ፣ ጽጌረዳ ሳይቀር ይበላል። ሁለቱ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ የመልካቸውና የአኗኗራቸው መመሳሰል ከዚያ ይመጣል። መደናገሩም ቆይቷል። ኮድሊንግ ሞዝ ደቡብ አፍሪካ የገባው በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 ክላውድ ፉለር የተባለ የነፍሳት ባለሙያ ናታል ውስጥ የብርቱካን ትል ሲያገኝ "የናታል ኮድሊንግ ሞዝ" ብሎ መዘገበው። የራሱ ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው በ1913 ነው።

ስለዚህ ብርቱካን ውስጥ ያገኘኸው፣ ያውም አዋሽ ሸለቆ ላይ፣ ኤፍሲኤም የመሆን ዕድሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ኮድሊንግ ሞዝ የብርቱካን ተባይ አይደለም። ግን በግምት አትቁም፣ በዐይንህ የምታረጋግጥበት መንገድ አለ።

የወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ማጉያ መነጽር ፈልግ፤ ከአሥር እስከ ሃያ እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ትልቁን ትል ምረጥ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነውን። በጣም ትኩስ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንከረው፤ ይሞትና ሰውነቱ ይዘረጋል፣ በኋላም አይጠቁርም። ከዚያ ከፋርማሲ በሚገዛ ሰባ በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጠው። አሁን ወደ ጅራቱ ጫፍ ሂድ፣ ከፊንጢጣው በላይ ካለው ሽፋን ሥር ተመልከት። እዚያ ጥቁር ቡናማ፣ ጥርስ ጥርስ ያላት በጣም ትንሽ ማበጠሪያ ካየህ ኮድሊንግ ሞዝ አይደለም። የኤፍሲኤም እጭ ይህች ማበጠሪያ አለችው፣ የጥርሶቿ ቁጥር ከትል ትል ይለያያል። የኮድሊንግ ሞዝ እጭ ጭራሽ የለችውም።

ቀለሙን ግን አትመነው። ሁለቱም ሲወጡ ነጣ ያሉ ናቸው፣ ሲያድጉ ሮዝ ይሆናሉ። "ሮዝ ስለሆነ እንዲህ ነው" የሚል ሰው ካጋጠመህ በጥያቄ ያዘው።

ገሊላ

ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ከዚህ ከእስራኤል ልጨምር። እኔ የምሠራው ሰሜን ላይ፣ የፖም ማሸጊያ ቤት ውስጥ ነው። ኮድሊንግ ሞዝን በየዓመቱ እናየዋለን። ፖሙን ለሁለት ስትከፍለው መንገዱ በቀጥታ ወደ መሐል ይሄዳል፤ ፍሬዎቹን (ዘሮቹን ማለቴ ነው) በልቶ ጨርሶ የዘር ቤቱን ጥቁር እርጥብ ቆሻሻ ይሞላዋል። ይሄ ምልክቱ ነው ብለው ነው ያስተማሩን፣ ዘር ወዳድ ነው። ብርቱካን ውስጥ ያለው ግን ሥጋውን ነው የሚበላው አይደል?

ኤፍሲኤምም እዚህ አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማከዴምያ ለውዝ ላይ ነው የተገኘው። ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት አገር "ይሄ ፖም ነው፣ ያ ብርቱካን ነው" ብሎ መለየት አይበቃም፣ ማበጠሪያዋን ማየቱ የግድ ነው።

ትልቁ የእሳት እራት ከሆነ ደግሞ ይቀላል። የኮድሊንግ ሞዝ ክንፍ አመድማ ነው፣ በላዩ የሞገድ መስመሮች አሉት፤ ጫፉ ላይ ግን መዳብ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ጠጋ አለ። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ሰብል ጥበቃ

ልክ ነህ ገሊላ፣ ብርቱካን ውስጥ ሥጋውን ነው የሚበላው። ኮክ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በድንጋዩ ዙሪያ ይዞራል። ፖም ላይ ኤፍሲኤም መገኘቱም ተመዝግቧል፣ ኮድሊንግ ሞዝም አልፎ አልፎ ኮክና ፕሪም ይገባል፤ ዛፉ ብቻውን ምስክር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ክንፉ፦ የኤፍሲኤም ክንፍ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። የመዳብ ጠጋ የለውም። በምትኩ ወደ ክንፉ ጠርዝ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ጥቁር ምልክት፣ መሐል አካባቢ ደግሞ ደቃቅ ነጭ ነጥብ አለው። ወንዱን ለመለየት የኋላ እግሮቹን እይ፣ በጸጉር የተሸፈኑና ወፈር ያሉ ናቸው፤ በኋላ ክንፉም ላይ ግማሽ ክብ የሆነ ኪስ አለ። ይህ ኪስ በጣም አስተማማኝ ነው፤ ምክንያቱም ተጣባቂ ወጥመድ ላይ የተንፈራገጠ የእሳት እራት የክንፉን ብናኝ ያራግፋል፣ መዳቡም ነጩ ነጥብም ይጠፋል። በመጠን መለየት ግን አይቻልም፣ ሁለቱም ክንፋቸው ተዘርግቶ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

ወጥመድህ ባዶ የቀረበትም ምክንያት ይኸው መለያየታቸው ነው። የኮድሊንግ ሞዝ እንስት ወንዱን የምትጠራበት ዋና ሽታ ኮድለሞን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው የታወቀው፤ በኬሚስትሪ አነጋገር አልኮል ነው። የኤፍሲኤም እንስት ሽታ የአሲቴቶች ቅልቅል ነው። የኤፍሲኤም ወንድ በኮድለሞን አይጠራም። ማሳህ በኤፍሲኤም ተወርሮ እያለ የኮድሊንግ ወጥመድ ባዶውን ሊሰነብት ይችላል፣ ሰውም "የእሳት እራት የለም" ብሎ ይዘናጋል። ማባበያው ላይ የተጻፈውን ሳይንሳዊ ስም አንብብ፤ ታውማቶቲቢያ ሉኮትሬታ ወይም የድሮ ስሙ ክሪፕቶፍሌቢያ ሉኮትሬታ መሆን አለበት።

ባላገሩ

እሺ ልዩነቱ ገባኝ። ግን ሁለቱም ትል ናቸው፣ መድኃኒቱም ያው ነው። ርጭቱ ላይ ምን ይለውጣል?

ሰብል ጥበቃ

ብዙ ነገር ይለውጣል ወንድሜ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ነው የመጣኸው።

ሁለቱም ዕድሜያቸውን በፍሬ ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚያሳልፉት። እጩ ከእንቁላሉ ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ቦርቡሮ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ላይ ላዩን የምትረጨው አያገኘውም። ስለዚህ ርጭት የሚጠቅመው በዚያች አጭር ጊዜ ላይ ከደረሰ ነው፣ ጊዜዋን ለማወቅ ደግሞ የትኛው ነፍሳት እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ኮድሊንግ ሞዝ ብርድ ሲመጣ ይተኛል። ሙሉ ያደገው እጭ ቅርፊት ሥር ድር ጠቅልሎ ወራቱን ያሳልፋል፣ ሙቀት ሲመለስ ብዙዎቹ ተቀራርበው ይወጣሉ። የፖም አምራቾች ከአሥር ዲግሪ በላይ ያለውን የየቀኑን ሙቀት እየደመሩ እንቁላሉ የሚፈለፈልበትን ሳምንት የሚያሰሉት በዚህ ነው። ኤፍሲኤም እንዲህ ያለ እንቅልፍ አያውቅም። ምግብና ሙቀት እስካለ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል፤ በአንድ ቀን አንድ ዛፍ ላይ እንቁላል፣ ትንሽ ትል፣ ትልቅ ትልና የሚበር የእሳት እራት ልታገኝ ትችላለህ። ለእንዲህ ያለው አንድ "ትክክለኛ ሳምንት" የለም። በየሳምንቱ እርጭ ያልከው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ውጤቱ ግን ጥገኛ ተርቦችን መግደልና ትሉን ማለማመድ ነው። የኤፍሲኤምን እንቁላል የምትወጋ ትሪኮግራማቶይዲያ የምትባል ደቃቅ ተርብ አለች፤ በየሳምንቱ ከሚረጭ መርዝ አትተርፍም። መላመዱም በሁለቱም ላይ የታየ ነው። ኮድሊንግ ሞዝ የአርሴኒክ መርዝን መቋቋሙ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1928 ተጽፏል፤ ኤፍሲኤምም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ትራይፍሉሙሮን የተባለውን ፀረ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተቋቁሟል።

ሌላው ልዩነት እጩ ድር ጠቅልሎ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። የኮድሊንግ ሞዝ እጭ ከፍሬው ወጥቶ ቅርፊት ፍለጋ ግንድ ላይ ይሳባል። ፖም ያላቸው ሰዎች ግንዱን በቆርቆሮ መሰል ካርቶን ይጠቀልሉታል፤ እጩ ካርቶኑ ውስጥ ይደበቃል፣ ካርቶኑን ፈትቶ ማቃጠል ነው። ኤፍሲኤም ግን ከወደቀው ፍሬ ጋር ይወርዳል ወይም በድር ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል፣ አፈርና ድር ቀላቅሎ መሬት ውስጥ ይጠቀለላል። አንተ ብርቱካን ግንድ ላይ ካርቶን ብታስር አድካሚ ሥራ ነው፣ ምንም አትይዝም።

ጨንቻ

ጋሼ ሰብል ጥበቃ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ጨንቻ ነኝ፣ ቤታችን የፖም ዛፍ አለን፤ ችግኝም እንሸጣለን። ችግኝ ሲገባና ሲወጣ ኮድሊንግ ሞዝ አብሮ ሊዞር ይችላል?

ሰብል ጥበቃ

ይዞራል፣ መጠንቀቅህ ተገቢ ነው። ይህ ነፍሳት ዓለምን የዞረው በሁለት መንገድ ነው፤ ትል ባለበት ፍሬ፣ ወይም ተጠቅልሎ በተኛበት ዕቃ። ያገለገለ የእንጨት ሣጥን፣ ስንጥቅ ያለው የግንድ ቅርፊት፣ የመደገፊያ እንጨት፣ እነዚህን ሁሉ እይ። ከውጭ የመጣ ፖም በልታችሁ ትል ያለበትን እምብርት ማሳ ዳር አትጣሉ። ፖም ውስጥ ትል ካገኘህ ደግሞ አልኮል ውስጥ አስቀምጠህ ለአካባቢህ የዕፅዋት ጤና ባለሙያ አሳይ፤ ማበጠሪያ የሌለው ከሆነ በፍጥነት መነገር ያለበት ነገር ነው።

ተማሪዋ

ይቅርታ መሐል ልግባ። ሌላ የፖም ተባይም ማበጠሪያ አለው ብለው አስተምረውናል፣ ኦሪየንታል ፍሩት ሞዝ። ታዲያ ማበጠሪያ አየሁ ብሎ ኤፍሲኤም ነው ማለት ይቻላል?

ሰብል ጥበቃ

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቻልም። ማበጠሪያዋ ኮድሊንግ ሞዝን ታስወጣለች እንጂ ብቻዋን ኤፍሲኤምን አታረጋግጥም። ኦሪየንታል ፍሩት ሞዝ፣ ግራፎሊታ ሞሌስታ፣ ኮክና ፖም ላይ የሚገኝ ሌላ ዘመድ ነው፣ እሱም ማበጠሪያ አለው። ብርቱካን ውስጥ ማበጠሪያ ያለው ሮዝ ትል ሲገኝ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤፍሲኤም ነው። ከዚያ አልፎ ላቦራቶሪ ውስጥ የጸጉሮቹን አቀማመጥ ማየት ወይም ዲኤንኤ መመርመር ነው። ለንግድ የሚላክ ምርት ከሆነ ይህ ግዴታ ይሆናል።

ላኪ

ስለ መላክ ከተነሳ እኔም ልናገር፣ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ ነው የምሠራው። ለእኛ ኤፍሲኤም የብርቱካን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ኤፍሲኤምን በኳራንቲን ተባይነት (እንዳይገባ በሕግ በሚከለከል ተባይነት) ነው የያዘው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ከእኛ ዓይነት አገሮች የሚገባ ጽጌረዳ ላይ ከእርሻ እስከ ማሸጊያ የተመዘገበ የቁጥጥር ሥርዓት ይጠይቃል። ወጥመድ፣ የአበባ ቆጠራ፣ መዝገብ፣ ምርመራ። አንድ ሕያው እጭ ከተገኘ ጭነቱ ሁሉ ችግር ውስጥ ይገባል። እጩ እንቡጡ ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ ከውጭ ማየት ይከብዳል፤ እኛ እንቡጥ እየሰነጠቅን ነው የምናየው።

የማሳ ጎረቤቶች ስለ ጉሎና ቃሪያ እንዲያስቡልን የምንለምነውም ለዚህ ነው። ከእኛ አጥር ውጪ ያለ ጉሎ እኛን ያስከፍለናል።

የመርቲ ብርቱካን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማጉያ ከአንድ ወርቅ ሠሪ ዘመዳችን ተውሼ አየሁ። ማበጠሪያዋ አለች! ጅራቱ ጫፍ ላይ፣ ጥቁር፣ ጥርሶቿ በግልጽ ይታያሉ። በተለያዩ ፍሬዎች ያገኘኋቸው ትሎች ሁሉ አላቸው። ጭንቅላታቸው ቢጫ ወደ ቡናማ ነው።

ማሳችን ዳር ጉሎ አለ፣ ያውም ብዙ፤ ከጎን ደግሞ የጎረቤት ቃሪያ። ኔቭል የምንለው እምብርት ያለው ብርቱካን ከሌላው ይልቅ በጣም ተጎድቷል። አሁን ከምን ልጀምር? አባቴ ርጭት ይሻላል የሚል ነው፣ በምን ላሳምነው?

ሰብል ጥበቃ

ኔቭሉ መጎዳቱ የሚጠበቅ ነው፤ እጩ በእምብርቱ በኩል መግባት ይቀናዋል። አንተ ሎሚ ካለህ ግን ስለ እሱ ብዙ አትጨነቅ፣ እዚያ ላይ እድገቱን መጨረስ አይሆንለትም ማለት ይቻላል።

ጅምሩ ከወደቀ ፍሬ ነው። በየሳምንቱ፣ ሳታሳልፍ፣ የወደቀውንም ዛፉ ላይ ያለጊዜው ቢጫ የሆነውንም ልቀም። ፍሬው ከወደቀ በኋላ እጩ ወጥቶ አፈር ውስጥ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ክምር አድርገህ ማሳ ጥግ ማስቀመጥ ልፋትህን ከንቱ ያደርገዋል። በጥቁር ወፍራም ፌስታል አስረህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ እስኪበሰብስ ድረስ አትፍታው። ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረውና አፈሩን ጠቅጥቀው። ለከብት መስጠትም ይቻላል፣ የለቀምክበት ቀን ከሆነ።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛውን ማባበያ አግኝና ወጥመዱን መልሰህ ስቀል። ቁጥሩን በየሳምንቱ ደብተር ላይ ጻፍ። አባትህን በቃል አታሳምናቸው፤ የተለቀመውን ፍሬ ስንጠቁና የትሎቹን ቁጥር አብራችሁ ቁጠሩ፣ አንድ ጆንያ ፍሬ ውስጥ ስንት የወደፊት የእሳት እራት እንደነበር ሲያዩ እሳቸው ራሳቸው ለቀማውን ይይዙታል። አንዲት እንስት ከመቶ በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች፣ ያንን ንገራቸው።

ሦስተኛ ጉሎው። ጉሎ ዓመቱን ሙሉ ለኤፍሲኤም መጠለያ ነው፤ ብርቱካን በማያፈራበት ወቅት ትውልዱን ያሻግርበታል። ከማሳው ዳር ይነሳ። ቃሪያውን በተመለከተ ጎረቤትህን አነጋግር፣ የተቦረቦረውን ለቅመው እንዲያስወግዱ።

ገሊላ

ለሁለቱ የተለያየ ቫይረስ እንዳለም ይታወቅ። ለኮድሊንግ ሞዝ የሚረጨው ግራኑሎ ቫይረስ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሜክሲኮ ውስጥ ነው፣ እኛም በፖም ላይ እናውቀዋለን። ትሉን ብቻ ነው የሚገድለው፣ ንብ አይነካም። ለኤፍሲኤም የሚሆነው ግን ሌላ ነው አይደል?

ሰብል ጥበቃ

አዎ፣ ሌላ ነው። የኤፍሲኤም ግራኑሎ ቫይረስ መጀመሪያ ኮትዲቯር ውስጥ ተገኘ፣ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ አስመዝግባዋለች። የአንዱን ለሌላው ገዝቶ መርጨት የማባበያውን ታሪክ መድገም ነው። የመርቲው ወንድሜ፣ ማንኛውንም ምርት ከመግዛትህ በፊት በአገራችን የተመዘገበ መሆኑንና መለያው ላይ የኤፍሲኤም ሳይንሳዊ ስም መኖሩን ጠይቅ።

ደቡብ አፍሪካ ሲትረስዳል አካባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በጨረር የመከኑ የኤፍሲኤም እሳት እራቶችን እያራቡ በማሳ ላይ ይለቃሉ። የመከነው ከዱሩ ጋር ሲጣመር እንቁላሉ አይፈለፈልም። ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመሳሳይ ሥራ ጀምረው ነበር፣ እዚያ ግን የሚለቀቀው ኮድሊንግ ሞዝ ነበር። የአንዱ ወንድ ለሌላው እንስት አይሆንም። አዋሽ ሸለቆን የሚያህል የፍራፍሬ ቀበቶ ላለው አገር እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቀን ቢታሰብበት እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፤ ለአንድ ገበሬ ግን የሚሆን አይደለም፣ አካባቢው ሁሉ አንድ ላይ መግባት አለበት።

የመርቲ ብርቱካን

ገብቶኛል። ቅዳሜ ጉሎውን እንነቅላለን፣ ለቀማውን ሰኞ ሰኞ አድርገነዋል። አንድ ነገር ብቻ፤ የተቆረጠው ጉሎ ራሱ ፍሬ አለበት፣ እዚያው ማድረቅ እንችላለን?

ሰብል ጥበቃ

አትችሉም። ፍሬውን መጀመሪያ ለቃቅማችሁ ከብርቱካኑ ጋር ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ ግንዱን ከዚያ በኋላ ማድረቅ ትችላላችሁ። ፍሬው ውስጥ ያለው እጭ ግንዱ ተቆረጠ ብሎ አይሞትም፣ ወጥቶ አፈር ይገባል። ፍሬውን ከልጆች አርቁት፣ የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው።